መልእክቱ ደርሷል፣ ፊደሉ ግን አልደረሰም

በዚህ ዓምድ ለቤተሰብና ለወጣቶች ይጠቅማሉ ያልናቸውን ጉዳዮች ስናነሳ ቆይተናል። የዛሬው ርዕሳችን ለጊዜው ሲታይ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። እስከ እናቶቻችን ስልክ ድረስ የሚዘልቅ ጉዳይ ነው። ይኸውም በድረ ገጽ ላይ ለምናወጣው ጽሑፍ የምንመርጠው የፊደል ቅርጽ፣ በተለምዶ ፎንት የምንለው ነው። ለምን እንዳነሳነው ግልጽ እንዲሆን በራሳችን ላይ ከደረሰው እንጀምር።

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ወጣቶች ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት አዘጋጅተው ነበር። የምዝገባውን ቀንና ለምዝገባ የሚያስፈልገውን በአንድ ድረ ገጽ ላይ እንድናወጣላቸው ጠየቁን፤ እኛም በደስታ ተቀበልን። ከዓመታት በፊት የተጻፈ ተመሳሳይ ማስታወቂያ በኮምፒውተራችን ውስጥ ስለነበረን ቀኑን ብቻ ቀይረን እንዳለ ወደ ድረ ገጹ ገለበጥነው። ፎንቱም የድሮው፣ እኛ የምንወደው ፎንት ነበር። ሦስት ሆነን በአንድ ስክሪን ላይ ተመለከትነው፤ ሦስታችንም «ማሻአላህ! ያምራል» አልን። ከዚያም አድራሻውን ለወላጆች ላክን።

ምዝገባው የሚቆየው 3 ቀን ብቻ ነበር። በ4ኛው ቀን ጅዳ ከምትሠራ አንዲት እናት መልእክት ደረሰን። ልጇ የሚኖረው እዚህ ከአያቱ ጋር ነው። አያቱ ማንበብ ስለማይችሉ የትምህርቱን ነገር የምትከታተለው እሷው ከባሕር ማዶ ሆና በስልክ ነው። «ወንድሞቼ፣ የላካችሁት ነገር በስልኬ ላይ የፈረንጅ ፊደል፣ ሰረዝና ቅንፍ ብቻ ሆኖ መጣብኝ። ስልኬ ተበላሽቷል ብዬ ለጠጋኝ ሰጥቼው ነበር። ለመሆኑ ምዝገባው መቼ ነው?» ትላለች።

ስልኳ ምንም አልሆነም ነበር። የተበላሸው የእኛ ሥራ ነው። ቦታው በመሙላቱ ልጁ በዚያ ክረምት ሳይማር ቀረ። እኛም ይቅርታ ጠየቅናት፤ ይሁን እንጂ ይቅርታው ያለፈውን ክረምት አይመልሰውም። መልእክት አማና ነው። አማና ደግሞ ከእጃችን ሲወጣ ሳይሆን ከባለቤቱ እጅ ሲገባ ነው ተጠበቀ የሚባለው። ስለዚህ ስህተታችን ከምን እንደመጣ ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን እነሆ ለእናንተ አቅርበናል።

ቁጥሩና ቅርጹ

ኮምፒውተርም ሆነ ስልክ ፊደልን እንደ ፊደል አያውቀውም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፎንት የሚባለው ደግሞ ለዚያ ቁጥር የሚሆነውን ሥዕል የያዘ ፋይል ነው። ቁጥሩን እንደ ሰው አካል፣ ፎንቱን እንደ ልብስ ብናየው ነገሩ ይቀለናል። ልብሱ ቢቀየር ሰውየው ያው ነው። አካሉ የሌላ ሰው ከሆነ ግን ልብስ ማልበሱ ሰውየውን ሌላ አያደርገውም።

እንደሚታወቀው ኮምፒውተር ወደ አገራችን ሲገባ ለአማርኛ ፊደል የተሰጠ ዓለም አቀፍ ቁጥር አልነበረም። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጡ ቦታዎች ብቻ ነበሩት። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ ቤቶች በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። እንደ ሏ፣ ቋና ጓ ያሉት፣ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። በዚህ ምክንያት የዘመኑ ባለሙያዎች ፊደሎቻችንን ለላቲን ፊደላት በተመደቡት ቦታዎች ላይ አስቀመጧቸው፤ አንዱን የፊደል ገበታም ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት። አቀማመጡም እንደየሠሪው የተለያየ ነበር። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ይሆናል።

እነዚህን ባለሙያዎች ልንወቅስ አይገባም። በብዙ ጋዜጦች፣ መጻሕፍትና መጽሔቶች ላይ አማርኛ በኮምፒውተር ተለቅሞ የታተመው በእነሱ ጥረት ነው። ለወረቀት ሥራው በቂ ነበር፤ ምክንያቱም ወረቀት የፊደሉን ቅርጽ ይዞ ይሄዳል። ድረ ገጽ ግን የሚልከው ቅርጹን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። ቁጥሩን ተቀብሎ ልብስ የሚያለብሰው የአንባቢው ስልክ ነው። እኛ የላክነው ጽሑፍ ቁጥሩ የላቲን ፊደል ነበር። በእኛ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ የመሰለን የድሮው ፎንት ስለተጫነበት ብቻ ነው። የዚያች እናት ስልክ ግን የተላከለትን በታማኝነት አሳየ፤ አላጠፋም።

ይህን ችግር ከሥሩ የፈታው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር አሰጣጥ ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን የግዕዝ ፊደል የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛ እትም ነው። በዚህ አሠራር «ሀ» በዓለም ላይ ባለ በማንኛውም መሣሪያ ቁጥሩ 4608 ነው። «ሰላም» የሚለው ቃል 4656፣ 4619 እና 4637 ነው፤ አዲስ አበባም ይሁን ጅዳ፣ ዋሽንግተንም ይሁን ስቶክሆልም አይለወጥም። ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2005፣ ለጉራጌኛ የሚሆኑ ሌሎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ታክለዋል። በእነዚህ ፊደላት የምትጽፉ ወገኖቻችን እንግዲህ የቆየ ፎንት እንደማይበቃችሁ ልብ በሉ።

ሦስቱ ሕመሞችና መድኃኒታቸው

«ጽሑፉ አልታይ አለኝ» የሚል አንባቢ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ የሚያየውን በፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ከሚታየው ምልክት ሕመሙን መለየት ይቻላል።

አንደኛው እንደኛው ሥራ ተራ የላቲን ፊደል፣ ሰረዝና ቅንፍ ሆኖ የሚመጣው ነው። ይህ ማለት ጽሑፉ በድሮው ዘዴ የተጻፈ፣ በዩኒኮድ ያልሆነ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ ፎንት መቀየር አይደለም፤ ጽሑፉን ራሱን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። ለዚህ የተሠሩ መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ። ይሁን እንጂ ከተለወጠ በኋላ ከዋናው ጋር እያመሳከሩ ቃል በቃል ማንበብ የግድ ነው፤ ብዙ የማይዘወተሩ ፊደላትና አኃዞች ላይ ስህተት ሊፈጠር ይችላልና። አጭር ጽሑፍ ከሆነ እንደገና መጻፉ ይቀላል።

ሁለተኛው ለአንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ሦስት ምልክት፣ በላያቸው ጭረት ወይም ቆብ ያለባቸው የላቲን ፊደላት እየሆነ የሚመጣው ነው። ዩኒኮድ በድረ ገጽ ላይ የሚላክበት የተለመደ መንገድ ዩቲኤፍ-8 ይባላል። በዚህ መንገድ አንድ የግዕዝ ፊደል በ3 ባይት ተጠቅልሎ ይጓዛል። ድረ ገጹ በዩቲኤፍ-8 መላኩን ካልገለጸ ማሰሻው (ብራውዘሩ) እያንዳንዷን ባይት እንደ አንድ ፊደል ሊቆጥራት ይችላል። መድኃኒቱ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ማስቀመጥና ይህንኑ በገጹ መጀመሪያ ላይ ማስታወቅ ነው። አንድ መስመር ሥራ ነው።

ሦስተኛው ባዶ ሣጥን እየሆነ የሚመጣው ነው። እዚህ ላይ አካሉ በትክክል ደርሷል፤ የጠፋው ልብሱ ነው። ስልኩ ለዚያ ቁጥር የሚሆን ሥዕል የያዘ ፎንት የለውም ማለት ነው። የሙያው ሰዎች እነዚህን ሣጥኖች ቶፉ ይሏቸዋል፤ ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚዘጋጅ በአራት ማዕዘን የሚቆረጥ ነጭ ምግብ ነው። ጉግል ለዓለም ፊደላት ሁሉ ያዘጋጀው ኖቶ የተባለው የፎንት ቤተሰብ ስሙን ያገኘውም «ቶፉ አይኑር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ነው። የዚህ ሕመም መድኃኒት የፎንት አመራረጥ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

ፎንት ስንመርጥ

ብዙ ወጣቶቻችን አንድ የሚያምር ፎንት ያገኙና ስሙን በገጻቸው ላይ ጽፈው ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የፎንቱን ስም መጻፍ ፎንቱን መላክ አይደለም። አንባቢው መሣሪያ ውስጥ ያ ፎንት ከሌለ ስሙ ብቻውን ምንም አይሠራም።

በየመሣሪያው ያለው ፎንት ደግሞ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኢብሪማ የሚባለው ፎንት ግዕዝን አካቷል። በዊንዶውስ 10 ኒያላ ከተጨማሪዎቹ ውስጥ ስለገባ ተጠቃሚው ራሱ ካላስገባው ላይገኝ ይችላል። በአፕል ኮምፒውተሮች ከፋ የሚባል ፎንት አለ። በብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ ለአማርኛ የሚያገለግለው የኖቶ ፎንት ነው። እንግዲህ «ኒያላ» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ለስንቱ አንባቢ እንዳልጻፈ አስቡት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን አንድ ስም ሳይሆን ዝርዝር ጻፉ የሚል ነው። ማሰሻው ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያያል፤ አንደኛው ከሌለ ወይም የሚፈለገው ፊደል በውስጡ ከሌለ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ያልፋል። ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል፣ ኒያላ፣ ከፋና ኢብሪማን በተርታ አስቀምጦ በመጨረሻ ሳንስ ሰሪፍ የሚለውን የወል ስም ማኖር ይቻላል። የወል ስሙ ለማሰሻው «ከእነዚህ አንዱም ከሌለህ ካለህ መርጠህ አሳይ» የሚል ትእዛዝ ነው። ይህች የመጨረሻ ቃል እንዳትረሳ።

ሁለተኛው ምክራችን ፎንቱን ከገጹ ጋር አብራችሁ ላኩ የሚል ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ዎፍ የተባለው የፎንት ማሸጊያ እ.ኤ.አ. በ2012 ደረጃ ሆኖ ጸድቋል፤ ይበልጥ የሚጨምቀው ዎፍ 2 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018። በዚህ ዘዴ የአንባቢው ስልክ ፎንቱ ባይኖረውም ከገጹ ጋር ይቀበለዋል። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ማሰብ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የአንባቢው ገንዘብ ነው። የእኛ ፊደል ብዙ በመሆኑ ፎንቱ ከላቲኑ ይከብዳል። አንባቢያችን በካርድ በገዛው ዳታ ነው የሚከፍተው። አምስት ዓይነት ፎንት ለጌጥ ብለን ብንልክበት ከኪሱ እየወሰድን ነው። አንድ ፎንት፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። በውስጡ ካሉት ፊደላት የማንጠቀምባቸውን አስወግዶ ማቅለልም ይቻላል።

ሁለተኛው የመጠበቂያው ጊዜ ነው። ብዙ ማሰሻዎች የተላከው ፎንት እስኪደርስ ድረስ ጽሑፉን እስከ 3 ሰኮንድ ያህል ደብቀው ባዶ ገጽ ያሳያሉ። ስዋፕ የሚባለውን ትእዛዝ ከጻፍንለት ግን በስልኩ ውስጥ ባለው ፎንት ወዲያው ያሳይና የእኛው ሲደርስ ይቀይረዋል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ላለ አንባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፎንቱ ጭራሽ ባይደርስ እንኳ ቃሉ ይነበባል።

ሦስተኛው ምክራችን ስለ ሐቅ ነው። ከሰው የተገለበጠ ወይም ከየትም የተገኘ ፎንት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ዓመታት ደክሞ የሠራው ሰው አለ። አንዳንዱ በኮምፒውተር ላይ ለመጠቀም ፈቅዶ በድረ ገጽ ላይ ለማሰራጨት የማይፈቅድ ይሆናል። የኖቶ ፎንቶችና አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል በነጻ እንዲሠራባቸውና እንዲሰራጩ በግልጽ የተፈቀደባቸው ናቸው። የተፈቀደው እያለ ወደ አጠራጣሪው መሄድ ለምን ያስፈልጋል?

ለዓይን የሚመች እንዲሆን

ፊደሉ መታየቱ ብቻ አይበቃም፤ ሊነበብ ይገባል። ነን ከኘ፣ ተን ከቸ የሚለየው በአናቱ ላይ ያለ ትንሽ መስመር ነው። ጽሑፉ ካነሰ ይህ ልዩነት ይጠፋል። ስለዚህ ለዋናው ጽሑፍ ከ16 ፒክሰል አታሳንሱ፤ በመስመሮች መካከልም የፊደሉን ቁመት አንድ ተኩል ያህል ቦታ ስጡ።

ደማቅ ጽሑፍ ላይም ጥንቃቄ ያሻል። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልና ኒያላ የራሳቸው ደማቅ ቅርጽ የላቸውም። ማሰሻው ደማቅ ሁን ሲባል ራሱ መስመሩን ያወፍረዋል፤ እንደ ጨና ጬ ያሉት ፊደላት ቀዳዳቸው ይደፈናል። ደማቅ ርዕስ ለሚፈልግ ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ውፍረት ያለው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይሻላል። ማዘንበልም ለላቲን እንጂ ለፊደላችን የመጣ ልማድ አይደለም፤ ባይደረግ ይመረጣል።

የዐረብኛ ጽሑፍ ሲኖር

በእኛ ቤተሰቦች ጽሑፍ ውስጥ የቁርኣን አያ ወይም ዱዓእ በዐረብኛ መግባቱ የተለመደ ነው። የግዕዝ ፎንቶች በአብዛኛው የዐረብኛ ፊደል ስለሌላቸው ለዚህኛው ለብቻው ፎንት መመደብ ያስፈልጋል። ዐረብኛ ተያያዥ ነው፤ አንዱ ፊደል በቃሉ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ላይ ቅርጹ ይለያያል። በፊደላት መካከል ክፍተት ጨምሩ የሚል ትእዛዝ ከተሰጠ መያያዣው ሊቆራረጥ ይችላል። ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ መሆኑም በገጹ ላይ ካልተገለጸ ነጥቦቹና ቅንፎቹ ያለቦታቸው ይሄዳሉ። መስመሩ ከጠበበ ደግሞ ሐረካዎቹ ተቆርጠው ይጠፋሉ። ሐረካ ሲጠፋ ወይም ሲዛወር ትርጉም ሊለወጥ እንደሚችል ዐረብኛ የሚቀራ ሁሉ ያውቀዋል።

ለዚህ ሥራ ሐረካን በቦታው የሚያስቀምጡ ፎንቶች አሉ። አሚሪ የተባለው በካይሮ የቡላቅ ማተሚያ ቤት ይጠቀምበት የነበረውን የነስኽ አጻጻፍ መሠረት አድርጎ የተሠራ ነው። ሸህራዛድ ኒው የተባለውም አለ። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። በነቢዩ ላይ የሚወረደውን ሰላዋት በአንድ ምልክት የሚያሳይ የዩኒኮድ ቁጥር እንዳለም ይታወቃል፤ ያ ምልክት ግን በሁሉም ፎንት ውስጥ የለም። ክቡሩ ቃል በአንባቢው ስልክ ላይ ባዶ ሣጥን ከሚሆን በአማርኛ ፊደል ቢጻፍ ይሻላል። አያ ሲሆን ደግሞ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ከታመነ ምንጭ መውሰድ፣ ከወጣም በኋላ በሚያውቅ ሰው በስልክ ላይ ማስነበብ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰዎች «ይህን ሁሉ ከምንደክም ጽሑፉን በሥዕል አድርገን ብንለጥፈውስ?» ይላሉ። ለአንድ ጊዜ ማስታወቂያ ይቻል ይሆናል። ነገር ግን በሥዕል ውስጥ ያለ ቃል ገልብጦ ለሌላ መላክ ያስቸግራል፤ በፍለጋ ማግኘት አስተማማኝ አይሆንም፤ ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራምም በሥዕሉ ፊት ዝም ሊል ይችላል። ጽሑፍ ጽሑፍ ሆኖ ቢቀር ይመረጣል።

በራስ ስክሪን አትመስክሩ

ከሁሉም በላይ ከስህተታችን የተማርነው አንድ ነገር ነው። የሠራነውን ያየነው በሠራንበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። ያ ኮምፒውተር ደግሞ የምንጠቀምበት ፎንት ሁሉ የተጫነበት ስለሆነ ጥፋታችንን ሊያሳየን አይችልም። ስለዚህ አሁን አንድ ልማድ አበጅተናል። ማንኛውም ገጽ ከመላኩ በፊት ምንም የአማርኛ ፎንት ባልጨመርንበት ኮምፒውተር ላይ፣ በአንድ አዲስ ስልክና በቤት ውስጥ በተገኘው በጣም አሮጌ ስልክ ላይ ከፍተን እናያለን። ከዚያም አንዱን ዐረፍተ ነገር ገልብጠን በአጭር መልእክት ለሌላ ሰው እንልካለን። አማርኛ ሆኖ ከደረሰ አካሉ ደህና ነው። ይህ ሁሉ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም።

ወጣቶች ሆይ! ይህ ሥራ በእናንተ እጅ ነው። በቤታችሁ፣ በሰፈራችሁ፣ በትምህርት ቤታችሁ የቆዩ ፋይሎች ካሉ ወደ ዩኒኮድ ለውጡላቸው። የአባት ደብዳቤ፣ የአያት ታሪክ፣ የመድረሳ መዝገብ በድሮው ፎንት ተጽፎ ከተቀመጠ ያ ፎንት የጠፋ ቀን ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል። ወላጆችም ልጆቻችሁን «ይህን በእኔ ስልክ አሳየኝ» በሏቸው። ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም።

በመጨረሻ ስለዚያች እናት። በዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ሌላ ትምህርት ሲዘጋጅ ማስታወቂያውን በዩኒኮድ እንደገና ጻፍነው፤ ለወላጆች ሁሉ ከመላካችንም በፊት አስቀድመን ለእሷ ላክንላት። «አሁን ተነበበልኝ፤ ለእናቴም ደውዬ ቀኑን ነግሬያቸዋለሁ» ስትል መለሰችልን። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከአያቱ ጋር መጥቶ ተመዘገበ፤ አልሐምዱሊላህ።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ድረስ ቸር እንሰንብት። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።